ለምጣዱ ያልደረሰ ድጋፍ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ብዙም በማይርቀው የአክስቴ ግቢ፣ ከበረቱ ጎን የተቀበረ፣ ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ የባዮጋዝ ጉድጓድ አለ። ከወጪው ከፊሉን የሸፈነው የውጭ ድጋፍ ነው፤ ጉድጓዱን ያስቆፈሩት፣ ድንጋይና አሸዋውን ያቀረቡት ግን አክስቴ ናቸው። ጧት ጧት እበቱን ከውኃ ጋር እኩል በእኩል በጥብጠው ይጨምራሉ፤ ወጡም ቡናውም በሰማያዊው ነበልባል ይሠራል። እንጀራው ግን ዛሬም የሚጋገረው በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ የጋዝ ምድጃው ለድስት እንጂ ለምጣድ አልተሠራምና። «ወጡስ ደረሰ፤ እንጀራውን በምን ልጋግረው ልጄ?» ይሉኛል፣ ጢስ ያስነባውን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

የውጭ ድጋፍ ከተነሣ፣ የበለጸጉት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ፣ እስከ 2020 ድረስ ለታዳጊ አገሮች የአየር ንብረት ለውጥ ሥራ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገብተው ነበር። መጠኑ የሞላው በ2022 ነው። ይህ ገንዘብ ስጦታ የሚመስለው ሰው ብዙ ቢሆንም፣ ከመንግሥታትና ከልማት ባንኮች ከሚመጣው አብዛኛው ብድር ነው፤ ልገሳው ሲሶ እንኳ አይሞላም። ብድር መመለስ ስላለበት የኃይል ማመንጫና የመስመር ዝርጋታን የመሰለ፣ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ይመርጣል። ማድ ቤት ደግሞ ለማንም ወለድ አይከፍልም። ስለዚህ ያችው ትንሿ ልገሳ መሄድ ያለባት ብድር ወደማይገባበት ወደ ምጣዱ ነው ባይ ነኝ።

በየመንደሩ የማየው ግን ከሁሉ ቀድሞ አምፖሉን ነው፤ ምናልባት ለሪፖርት ስለሚቆጠር ይሆናል። ሶላሩን አልነቅፍም፤ ኩራዝንና ላምባን ከብዙ ቤት አስወጥቷል። ሆኖም የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፤ የ10 ዋት ሶላር ያለው ቤት አንድ ምጣድ ለማጋል እንዲህ ያለውን ሶላር 300 እና ከዚያ በላይ መደርደር ሊኖርበት ነው። የማድ ቤት ጉዳይ የከተማም ነው፤ የአዊ ገበሬዎች፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ዲከረንስ የተባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዝርያ ተክለው ከሰል የሚያከስሉት ገበያው ስላለ ነው፤ ገበያውንም የሚያቆየው የከተማው ማድ ቤት ነው።

ሌላው ቅሬታዬ ጥገና ነው። ባለፈው ዓመት የአክስቴ የጋዝ ጎማ ተሰንጥቆ ሲያፈስ፣ ያስገነባው ፕሮጀክት ዘመኑ አልቆ ስለነበር የሚጠይቁት ሰው አጡ፤ ወራት ከቆመ በኋላ የልጅ ልጃቸው ከቢቸና ጎማ ገዝቶ ቀጠለው። ለግንባታው የተመደበው ገንዘብ ለጎማው አልተመደበም ማለት ነው።

አሁን አክስቴ የሚፈልጉት «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ነው፤ በሲሚንቶና በአሸዋ ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብ፣ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ የሚቀንስ። ቅርጽ ማውጫው ከጎረቤት ይገኛል፤ አሸዋውን ከወንዝ አስመጥተዋል። እኔ ለጥምቀት ስመጣ ሲሚንቶውን ይዤ እንድመጣ አዝዘውኛል።