በሰው ክፍል ውስጥ ማስተማር፦ ከተተኪ መምህርነት የያዝኳቸው ልምዶች

በተተኪነት ክፍል ለምትገቡ ባልደረቦቼ፣ እስካሁን የሠራልኝን ላካፍላችሁ። ከሁሉም በላይ የማምንበት አንድ ነገር ነው፦ ተተኪ የሚገባው ሰዓት ለመሙላት አይደለም። ቋሚው መምህር ሲመለስ ትምህርቱን እሱ ካቆመበት ሳይሆን ክፍሉ ከደረሰበት እንዲቀጥል ነው።

ተማሪ አዲስ ፊት ሲያይ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ "ዛሬ ትምህርት የለም" የሚል ነው። ስለዚህ መጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ላይ ነው ብዙ የምደክመው። ከደወሉ ቀድሜ እገባለሁ። ስሜንና የዕለቱን ርዕስ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ከሥሩ ካለፈው ትምህርት አንድ አጭር ጥያቄ አስቀምጣለሁ። ልጆቹ ገብተው ደብተር ሲያወጡ የሚሠሩት አላቸው ማለት ነው። ስም የምጠራው እነሱ ሲሠሩ ነው። ሁሉም እጁን አጣጥፎ ስሙን የሚጠብቅ ከሆነ ወሬ ይነሳል፤ አንዴ ከተነሳ ደግሞ ማብረዱ ከባድ ነው።

የክፍሉን ደንብ አልነካም። ሥራ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ለመውጣት እንዴት ፈቃድ እንደሚጠየቅ ከተለያየ ረድፍ ሁለት ልጆችን እጠይቃለሁ። መልሳቸው ከገጠመ በዚያው እንቀጥላለን። ቤቱ የእነሱ ነው፣ እኔ እንግዳ ነኝ።

ሥርዓት ማስያዝ ላይ ብዙ የረዳኝ የአሜሪካዊው ተመራማሪ የጄኮብ ኩኒን ሐሳብ ነው። ኩኒን በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው፣ ጎበዝ መምህራንን ከሌሎች የሚለያቸው የቁጣቸው ዓይነት እንዳልሆነ አሳይቷል። ልዩነቱ ችግሩ ሳይጀመር ክፍሉን በሚመሩበት መንገድ ነው። ሁሉን ያያሉ፣ ማየታቸውንም ተማሪው ያውቃል። እኔም ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ረጅም ነገር አልጽፍም። የኋላ ረድፍ ላይ ሹክሹክታ ከሰማሁ እያስረዳሁ ወደዚያ እሄዳለሁ፤ ስም አልጠራም፣ ትምህርቱንም አላቆምም። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ሌሎቹ ሥራ ላይ እያሉ ጎንበስ ብዬ ልጁን ለብቻው አናግረዋለሁ። ልጅን በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር በጣም ያስከፍላል። በተለይ ለተተኪ፣ ነገ ተገናኝቶ ለመታረቅ ዕድሉ ላይኖር ይችላል።

ሌላው መጠበቅ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እንዳሳየችው፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ነው። ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል መልሱ ይረዝማል፣ የሚሳተፈውም ይበዛል። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ባዕድ ክፍል ፊት ቆሞ 3 ሰከንድ ዝም ማለት ጭንቅ ነው! እኔ በልቤ እቆጥራለሁ።

በቅርቡ የክፍልፋይ ትምህርት ደረሰኝ። "1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው?" ብዬ ጠብቄ ነበር። አንድ ልጅ "2/5" አለ። ተሳስተሃል አላልኩትም። "2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" አልኩት። አሰበና "ያንሳል" አለ። "ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረንበት እንዴት ከግማሽ አነሰ?" ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ መስኮቱ ጋ የተቀመጠች ልጅ "ቲቸር፣ ታህቱን መደመር የለብንም!" ብላ ጮኸች። ልጁ ራሱ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ሁለቱንም ወደ ስድስተኛ ቀይሮ 5/6 ጻፈ። ደስ አለኝ፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ፈገግ ብሎ ነው።

ይህን ለቋሚው መምህር በምተወው ማስታወሻ ላይ አሰፈርኩት፦ "ጥቂት ተማሪዎች ላዕልንም ታህትንም ይደምራሉ፤ ከመቀጠልዎ በፊት ቢያዩት።" ማስታወሻዬ አጭር ነው። የት እንደደረስን፣ ያልተሠራው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ጥሩ እንደሠራ። መጨረሻዋን እንዳትዘሏት አደራ። የሚረብሹትን ብቻ ጽፎ መሄድ የተለመደ ነው፤ መምህሩ ተመልሶ "እገሌ ጎበዝ ነበርክ አሉ" ሲለው ግን ልጁ ቀጣዩን ተተኪ በሌላ ዓይን ያያል።

አሁን እየተለማመድኩ ያለሁት ከሙያዬ ውጭ የሆነ ትምህርት ማስተናገድን ነው። የማላውቀውን አልገምትም። ተማሪው ጥያቄውን በወረቀት ይጽፋል፣ ከማስታወሻው ጋር አያይዤ አስቀምጣለሁ። ላብራቶሪ ሲሆን ደግሞ ባለሙያው በሌለበት ሙከራ አላስጀምርም፤ የሙከራውን ቅደም ተከተልና የጥንቃቄ ነጥቦች በቡድን እንዲጽፉ አደርጋለሁ። የኬሚስትሪ ክፍል በተተኪነት የያዛችሁ ካላችሁ፣ ሰዓቱን በምን እንደተጠቀማችሁበት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።