አረፋው ከበሬሳ ከጠፋ በኋላ

ጥምቀት ሲቃረብ በደብረ ብርሃን በሬሳ ወንዝ ዳር ጋቢና ነጠላ ይታጠባል፤ ነጩ አረፋም በድንጋዮቹ መካከል እየተሽከረከረ ይወርዳል። ትንሽ ዝቅ ብሎ የፈለገው ሰው አያገኘውም። ብዙዎች «ወንዙ አጠራው» ብለው ያልፋሉ፤ እኔ አረፋው ጠፋ ማለት ሳሙናው ጠፋ ማለት አይደለም ባይ ነኝ።

በአብዛኛው የዱቄት ሳሙና ውስጥ እድፍ የሚያላቅቀው ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራው ሊኒየር አልኪልቤንዚን ሰልፎኔት ነው። ውኃ የሚወድ ሰልፎኔት የተጣበቀበት የቤንዚን ቀለበትና ከ10 እስከ 13 ካርቦን ያለው ሰንሰለት አለው፤ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን እየተጠቀሙ ከሰንሰለቱ ጫፍ ይጀምሩና ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጡ ያሳጥሩታል። አረፋ የማውጣት ኃይሉን የሚያጣው ገና ሲጀመር ሲሆን፣ ቀለበቱ ተሰብሮ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ሰልፌት እስኪለወጥ ድረስ ብዙ ሥራ ይቀራል። ከእርሱ በፊት የነበረው ኬሚካል ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ የበዛበት ስለነበር ለባክቴሪያ አልመች ብሎ የአውሮፓን ወንዞች በአረፋ ሸፍኖ ነበር፤ ምዕራብ ጀርመን በ1961 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ ከ1964 ጀምሮ አገደችው።

በእሽጉ ላይ «በተፈጥሮ የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ ሲነበብ፣ የተለመደው ፈተና 28 ቀን የሚፈጀው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ በሆነና አየር ባልተለየው ውኃ ውስጥ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። የደብረ ብርሃን ሌሊት በጥቅምትና በኅዳር ምን እንደሚመስል ለአገሬው ሰው አይነገርም! ውኃ ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያዎች ይዘገያሉ። በዚያ ላይ ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠለል ከፍታ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን የሚይዝ ውኃ እዚህ የሚይዘው 7 ያህል ብቻ ነው። ያም ሆኖ እየተንደረደረ በሚወርድ ውኃ ውስጥ ኬሚካሉ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ይቀንሳል፤ የሚያሳስበኝ የሚፈሰው ውኃ አይደለም።

የሚያሳስበኝ በበጋ ወንዙ ሲቀንስ ኩሬ የሚሠራበት ቦታ ነው። በእንጨት ቢጫሩት ላዩ ቡናማ፣ ከሥሩ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጥቁር ጭቃ ይወጣል፤ ሽታው ኦክስጅን ማለቁን ይናገራል። የኬሚካሉ ረጅም ሰንሰለት ያለው ክፍል ከደለሉ ጋር ተጣብቆ እዚያው ይቀራል፤ ሰባሪዎቹ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ስለሚሹ መበስበሱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ሐምሌ ላይ ጎርፍ ሲመጣ ጭቃው ተናውጦ ወደ ጀማ ወንዝ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ አየር ስለሚያገኝ የተቋረጠው ሥራ ይቀጥላል፣ ነገር ግን የሚቀጥለው ዓሣውና የትንኝ እጮች ባሉበት ውኃ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ልብስ አጣቢዎችን ከወንዝ ማባረር መፍትሔ አይመስለኝም። በሳፋ ታጥቦ አረፋው ከዳርቻው ራቅ ባለ ሣር ላይ ቢደፋ፣ አየር ያለበት አፈር በጥቂት ሳምንታት አብዛኛውን ይጨርሰዋል፤ ልብሱን በወንዙ ማለቅለቅ የሚያስገባው ከዚያ የተረፈውን ጥቂቱን ነው።