አውቶቡስና ባቡር ፎቶ ማንሳት፦ እስካሁን የተማርኩት

አውቶቡስና ባቡር ፎቶ ማንሳትን የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ካደረግኩት ወዲህ ስለ ካሜራ ብዙ ተምሬያለሁ። ይበልጥ የጠቀመኝ ግን ስለ ፀሐይ፣ ስለ ቦታና ስለ ማስታወሻ ደብተር የተማርኩት ነው። ዛሬ ያለሁበትን ደረጃ ለእናንተ፣ ለዚሁ ነገር ፍቅር ላላችሁ፣ ላካፍል የተነሳሁት በከተማችን የሚመላለሰው ተሽከርካሪ በፍጥነት እየተቀየረ ስለሆነ ነው። የሚያነሳው ሰው ከበዛ የሚተርፈውም ይበዛል።

እስቲ አስቡት። ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጥባቸው የነበሩት ውይይት ታክሲዎች ከአዲስ አበባ መንገድ ከጠፉ ቆይተዋል። በዘመናቸው ያጓጓዙት ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ደህና ፎቶግራፋቸውን ፈልጎ ማግኘት ግን አድካሚ ነው። ሰው ሠርጉን፣ ምርቃቱንና የልጁን ክርስትና ያስነሳል እንጂ በየማለዳው ወደ ሥራ የሚያደርሰውን መኪና ማን ያነሳል? የአንበሳ አውቶቡስም እንዲሁ ነው። ቀይና ቢጫው ቀለም ቢቆይም ከቀለሙ ሥር ያለው መኪና አንድ ጊዜ መርሴዲስ፣ ሌላ ጊዜ ዳፍ፣ ኋላ ደግሞ እዚሁ አገር የተገጣጠመው ቢሾፍቱ እየሆነ ተቀያይሯል። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች እየገቡ ነው። ዛሬ ተራ ነገር የሚመስለን ቢሾፍቱ ነገ የሚፈለግ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ከሁሉ በፊት ስለ ፀሐይ ልናገር፤ ፎቶዎቼን የለወጠው እሱ ነውና። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ቁጥር ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። በበጋው ወራት ፀሐይ ሰማዩን የምታቋርጠው ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግን ቀትር ላይ ሳይቀር በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች በሚዘረጋው የቀላል ባቡር መስመር ላይ በታኅሣሥ ከደቡብ በኩል ቆሜ አምሮ የወጣልኝን ባቡር፣ በግንቦት ከዚያው ቦታ ሆኜ ባነሳው ጎኑ በሙሉ ጥላ ውስጥ ይገባል። መንገዱን ተሻግሬ በሰሜን በኩል መቆም አለብኝ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ከቤት ስወጣ የምቆምበትን ወገን አስቀድሜ እወስናለሁ።

የቀትር ብርሃን ራሱ ለተሽከርካሪ አይሆንም። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ጣሪያው በብርሃን ይነድዳል፣ ከመስኮት በታች ያለው ሁሉ ይጨልማል፣ ጎማውም አይታይም። ጎማው ያልታየ አውቶቡስ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ሣጥን ይመስላል። እኔ የምወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው። በነዚህ ሰዓቶች ፀሐይ ዝቅ ስለምትል የተሽከርካሪው ፊትና ጎን አንድ ላይ ይበራል። ጠዋት ወደ አያት የሚሄደው፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይመጣል። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ በሚወርደው መስመር ላይ ስሌቱ ይለያል። እዚያ ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ በኩል እቆማለሁ፤ በበጋ ፊቱ የሚበራው ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ባቡር ነው።

ቀላል ባቡሩን በተመለከተ የምወዳቸው ሁለት ዓይነት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ከሲ ኤም ሲ እስከ አያት ያለው ሃዲዱ በሰፊው መንገድ መካከል የሚሄድበት ነው፤ ርቀት ስለሚገኝ ከ70 እስከ 135 ሚሊ ሜትር ባለው ሌንስ ባቡሩን ከፊት እስከ ኋላ ማስገባት ይቻላል። ሁለተኛው ሁለቱ መስመሮች አንድ ሃዲድ የሚጋሩበት ከስታዲየም በለገሃርና በሜክሲኮ አድርጎ እስከ ልደታ ያለው ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀመር የምሥራቅ–ምዕራቡ ባቡር አረንጓዴና ነጭ፣ የሰሜን–ደቡቡ ሰማያዊና ነጭ ሆኖ ነው የመጣው። ሁለቱንም ቀለም ከአንድ ቦታ ሆኖ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለም። ችግሩ ሃዲዱ በድልድይ ላይ ከፍ ብሎ ሲሄድ የድልድዩ ግድግዳ የባቡሩን እግር ይሸፍነዋል። እዚያ ከባቡሩ ይልቅ ከሥሩ ያለውን ሕይወት ጨምሮ ማንሳት ይሻላል፤ ከላይ ባቡሩ፣ ከታች ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ፣ ጀበና ያቀረበችው ቡና ሻጭ፣ ጫማ የሚጠርገው ልጅ። የሽቦ ተሸካሚው ምሰሶ ደግሞ ሁልጊዜ የባቡሩን ፊት ለሁለት ሊከፍል ይመጣል። መፍትሔው አስቀድሞ ምሰሶዎቹን ማየትና የባቡሩ ፊት በሁለት ምሰሶዎች መካከል የሚገባበትን ነጥብ መሬት ላይ መርጦ መጠበቅ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ አስፋልቱ ላይ ያለ ቀለም ወይም የአጥር ብረት ምልክት አደርጋለሁ።

ወደ አውቶቡስ ስንመጣ አንድ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር አለ፦ አዳዲሶቹ አውቶቡሶች ግንባራቸው ላይ በመብራት የሚጽፉት መድረሻ ለምን ተቆራርጦ ይወጣል? እነዚያ ትንንሽ አምፖሎች ለዓይናችን ሁሌም የበሩ ቢመስሉም በእርግጥ በየተራ ብልጭ ድርግም ይላሉ። የሻተር ፍጥነቱ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ 1/500 ሰከንድ ከሆነ ካሜራው የሚይዘው በዚያች ቅጽበት የበሩትን መስመሮች ብቻ ነው። ወደ 1/100 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ጽሑፉ ሙሉ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ አውቶቡስ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ መድረሻው እንዲነበብ ስፈልግ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሰው ሲያወርድ አነሳዋለሁ። እየሄደ ከሆነም ካሜራውን በአውቶቡሱ ፍጥነት ልክ አብሬ እያዞርኩ እይዘዋለሁ። በ1/60 ሲሳካ አውቶቡሱ ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ሱቅና ሕንፃ ወደ ሰንበር ይለወጣል። እግርን ከትከሻ ስፋት ጋር አስተካክሎ፣ ክርንን ከጎን አጣብቆ፣ ከወገብ መዞር ነው ምስጢሩ። አውቶቡሱ ካለፈ በኋላም እጅን ድንገት ማቆም አይገባም።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። የአንበሳ ቀይ በጠራ ፀሐይ ለካሜራ ይከብዳል። የቀይ ዝርዝር ቶሎ ይቃጠልና የብረቱ ቅርጽ፣ የምስማሩና የመገጣጠሚያው መስመር ሁሉ ጠፍቶ አንድ ወጥ ቀይ ገበታ ይሆናል። ብርሃኑን በሲሶ ወይም በሁለት ሲሶ ነጥብ ቀነስ አድርጎ ማንሳትና ኋላ በኮምፒውተር የጨለመውን ማድመቅ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤ ያለው ግን ቅጥቅጡ ላይ ነው። ቅጥቅጥ አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ አካሉ እዚህ አገር ወርክሾፕ ውስጥ የሚሠራለት አውቶቡስ ስለሆነ አንዱ ከሌላው በትክክል አይመሳሰልም። የአንዱ የመስኮት ጠርዝ ክብ ነው፣ የሌላው ማዕዘን አለው። የአንዱ የጣሪያ መደርደሪያ እስከ ኋላ ይሄዳል፣ የሌላው መካከል ላይ ያልቃል። በሩ አጠገብ በእጅ የተጻፈው የመነሻና የመድረሻ ከተማ ስም፣ ከፊት መስታወቱ በላይ ያለው የቅዱስ ሥዕል ወይም የጸሎት ቃል፣ ኋላው ላይ የባለቤቱ ምክር፤ እነዚህ በፋብሪካ መኪና ላይ አይገኙም። የጽሑፉን አጣጣል ብቻ በቅርብ ሆኜ ማንሳት ጀምሬያለሁ። አንድ ጊዜ መናኸሪያ በር ላይ ያየሁት የ«ደሴ» ጽሑፍ ላይ የ«ሴ» እግር እስከ ጎማው ድረስ ወርዶ መጨረሻው እንደ ሐረግ ተጠምዝዞ ነበር፤ ሠዓሊው ቀዩን ፊደል በቢጫ ክር ከቦ፣ ክሩን ደግሞ በቀጭን ጥቁር ከቦ ጨርሶታል። ይህን የሚሠሩ እጆች ሥራቸው የሚመዘገብበት ቦታ የለም። እባካችሁ ሙሉውን መኪና ካነሳችሁ በኋላ ሁለት እርምጃ ቅረቡና ጽሑፉንም አንሱ።

የባቡር ነገር ሲነሳ ድሬዳዋን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። የድሮው ምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ አዲሱ መስመር 1.435 ሜትር ነው። ልዩነቱን በፎቶ ለማሳየት ከላይ ወደ ታች አንስቼ በሁለቱም ላይ ያንኑ ክንድ የሚያህል ዱላ አስቀምጣለሁ፤ ያኔ ያየ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። በድሬዳዋ የድሮው ወርክሾፕ ውስጥ አስፈቅዶ መግባት የቻለ ሰው አሮጌ ሎኮሞቲቮችንና የመንገደኛ ፉርጎዎችን ያገኛል። ብርሃኑ ከጣሪያው ሥር በቀጭኑ ስለሚገባ ትሪፖድ ያስፈልጋል። እዚያ ያገኘኋቸው አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ሠራተኛ የሎኮሞቲቩን የአምራች ሰሌዳ በያዙት ጨርቅ ጠረግ አደረጉና «ልጄ፣ መጀመሪያ አንብበው፤ ከዚያ አንሳው» አሉኝ። እሺ ጋሼ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ተሽከርካሪ ላይ የአምራቹ ስምና ዓመተ ምህረት የተጻፈበትን ሰሌዳ ሳልፈልግ አልሄድም። ሙሉውን ምስል ስንት ሰው ቢያነሳው ስለ ማንነቱ የሚመሰክረው ያ የመዳፍ ስፋት ያለው ብረት ነው።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የኢትዮ–ጅቡቲ መስመር የተጓዘ ሰው ደግሞ በመስኮት ማንሳትን መልመድ አለበት። መተሐራ አጠገብ በሰቃ ሐይቅ ሲደርስ ሁሉም ስልኩን ያወጣል፤ የሚወጣው ግን የራሱ ፊት በመስታወቱ ላይ ነው። ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር ማጣበቅና ዙሪያውን በጥቁር ሻርፕ መሸፈን ነጸብራቁን ያጠፋል። ፀሐይ ከሌለችበት ወገን መቀመጥም ይረዳል። ከሰበታ እስከ አዳማ መስመሩ ድርብ ስለሆነ ከፊት ለፊት የሚመጣ ባቡር ሳይታሰብ ያልፋል። ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ ስለሆነ አንዱ ባቡር በጣቢያ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል፤ የጭነት ባቡሩን ኮንቴይነሮች በቅርብ ለማየት የሚመቸው ያኔ ነው።

አደጋውን ሳልናገር አላልፍም። በዚህ መስመር ሽቦው ላይ ያለው 25 ሺህ ቮልት ነው። ይህን ያህል ኃይል እስኪነኩት አይጠብቅም፤ ከቀረቡት ይዘልላል። ስለዚህ ትሪፖድም ሆነ የስልክ ዘንግ ወደ ላይ ማንሳት፣ ድልድይ ላይ ሆኖ ወደ ሽቦው ማዘንበል፣ ፉርጎ ላይ መውጣት ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ሃዲድ መካከል ገብቶ ማንሳትም እንዲሁ። ከአጥር ውጭ ሆኖ ረጅም ሌንስ መጠቀም ይበቃል።

ስለ ፈቃድም ጥቂት። ጣቢያና መናኸሪያ ጥበቃ ያለበት ቦታ ነው፤ ካሜራ አንግቦ ዝም ብሎ የሚዞር ሰው ጥርጣሬ ቢያሳድር አይፈረድበትም። እኔ ካሜራውን ከቦርሳ ሳላወጣ ሄጄ ሰላም እላለሁ፣ የምፈልገውን እናገራለሁ፣ ቀድሞ ያነሳሁትን በወረቀት አሳትሜ የያዝኩትን አሳያለሁ። የታተመ ፎቶ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል፤ ጥበቃው ራሱ «የዚህኛው አውቶቡስ ወንድም ጠዋት ይመጣል» ብሎ የነገረኝ ጊዜ አለ። አይቻልም ከተባልኩ አመስግኜ እሄዳለሁ። አሽከርካሪውንና ረዳቱን ሳላስፈቅድ ፊታቸውን በቅርብ አላነሳም፤ ሲፈቅዱ ደግሞ አንድ ኮፒ አሳትሜ እወስድላቸዋለሁ።

ማስታወሻ ደብተሬ እንዲህ ይነበባል፦ «ኅዳር፣ ጠዋት 1፡20፣ ሲ ኤም ሲ፣ ከደቡብ ወገን፣ ወደ አያት፣ አረንጓዴ፣ ሰማይ ጥርት ያለ።» ለአውቶቡስ ደግሞ የመስመር ቁጥሩን፣ የጎን ቁጥሩንና የመኪናውን ዓይነት እጨምራለሁ። የጎን ቁጥሩ ዋናው ነው፤ ያው አውቶቡስ ከዓመት በኋላ ቀለሙ ተቀይሮ፣ መስታወቱ ተለውጦ ሲመጣ የሚታወቀው በእሱ ነው። የካሜራው ሰዓትና የእኛ ሰዓት አቆጣጠር በ6 ሰዓት ስለሚለያይ፣ ካሜራው የሚመዘግበውን እንዳለ ትቼ ደብተሩ ላይ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ፋይሎቹን ግን በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል ስለምሰይማቸው በኮምፒውተሩ ላይ በራሳቸው ተራ ይይዛሉ።

አሁን የቀረኝ ክረምቱ ነው። በዝናብ ጊዜ ማንሳት የጀመርኩት በቅርቡ ሲሆን ሌንሱ ላይ የሚወርደውን ጠብታ በጃንጥላ መከላከልና እርጥብ አስፋልት ላይ የፊት መብራቱን ነጸብራቅ ማውጣት ገና እየለመድኩ ነው። ከመስከረም በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ሞጆ ሄጄ የጭነት ባቡሩን ከመንገድ ዳር ለማንሳት አስቤያለሁ፤ በዚያ አካባቢ ጠዋት ላይ ከየትኛው ወገን መቆም እንደሚሻል የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የውይይት ታክሲ ወይም የድሮ ዳፍ አውቶቡስ ፎቶ በቤተሰብ አልበም ውስጥ ያላችሁም፣ ከኋላው የተጻፈ ቀን ካለ ከነጽሑፉ አንስታችሁ አስቀምጡት።