ገንፎው ዘነዘናውን አልለቅም አለ

ጠዋት ጠዋት እጆቼ የኔ አይደሉም። ስነቃ ጣቶቼ ተጨብጠው ነው የማገኛቸው፤ ሌሊቱን ከማላውቀው ሰው ጋር ስደባደብ ያደርኩ ይመስላሉ። እስኪፍታቱ አንድ ሰዓት ይፈጃሉ። በደሴ የኅዳር ብርድ ደግሞ ሁለት። እስከዚያ ቁልፍ መቆለፍ የለም፣ ጸጉር ማበጠር የለም። የጥርስ ሳሙናውን በክርኔ ተጭኜ ነው የማወጣው። አንዳንዴ ብሩሹ ላይ ያርፋል።

ስሙ ሩማቶይድ አርትራይቲስ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ የሰውነቴ መከላከያ የራሴን መገጣጠሚያ ጠላት መስሎት ይወጋዋል። አብረን መኖር ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን። ይሄን ለሰፈር ሰው ማስረዳት ግን ከበሽታው ይብሳል። አንዱ "ሪህ ነው፣ ስጋ ተዪ" ይለኛል። ሪህ ሌላ ነው፤ ዩሪክ አሲድ ሲጠራቀም የሚመጣ። ስጋውን ደግሞ ድሮም የተውኩት በዋጋው ነው። ሌላዋ "ብርድ ነው የያዘሽ፣ ኮምቦልቻ ውረጂ" ትላለች። ቁልቁል በመውረድ የሚድን ቢሆንማ ኮምቦልቻ ውስጥ ቁርጥማት ያለበት ሰው ባልተገኘ።

እናቴ ለግሸን ማርያም ተስላልኛለች። አከራዬ እማማ ደግሞ ወዳጃ፣ ማለት የጋራ ጸሎት፣ በተቀመጡ ቁጥር ዱአ ያስደርጉልኛል። ሁለቱንም አሜን ብዬ እቀበላለሁ። ወሎ ተቀምጦ አንዱን ብቻ መምረጥ ነውር ነው።

መድኃኒቴ ሜቶትሬክሴት ይባላል፤ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። የኔ ቀን ረቡዕ ነው። በየቀኑ ቢወሰድ አደጋ ስላለው ሐኪሙ ይሄን ሲነግረኝ ጣቱን አንስቶ ነው። እማማ ግን አይዋጥላቸውም። "በሳምንት አንዴ? ለክኒኑም አዘንሽለት እንዴ?" ይሉኛል።

እንግዲህ ወጥ መሥራት የጀመርኩት ከታመምኩ በኋላ ነው። እጄ ደህና ሳለ ምሳ ቤት ነበር የምበላው፤ ሽንኩርት እንደሚከተፍ የማውቀው በወሬ ነው። ከታመምኩ ወዲህ ቤት መዋል በዛ። በሽታው አያልቅም። የቀጠሮው ወረፋም አያልቅም። ሽሮ ግን ይጣዳል፣ ይንተከተካል፣ ያልቃል። አንድ ነገር ጀምሮ መጨረስ እንደዚህ ደስ እንደሚል ማን ነግሮኝ?

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ልጅ ብልሃቱን አስተማረችኝ። "ትንሹን መገጣጠሚያ አሳርፊ፣ ትልቁን አሠሪ" ነው ሕጉ። ዘንቢል በጣት አይንጠለጠልም፣ ክንድ ላይ ይገባል። ድስት አይነሳም፣ ይንሸራተታል። እጀታ ሁሉ ይወፍራል፤ ወፍራም ነገር አጥብቀው ሳይጨብጡትም ይያዛል። ስለዚህ የቢላዬን እጀታ በስፖንጅና በአሮጌ ነጠላ ጠመጠምኩት። እግሩን ተሰብሮ ወጌሻ ያሰረው ይመስላል። ክዳን የሚባል ነገር ደግሞ አላጠብቅም። በኔ ቤት የተከደነ ሁሉ ለወጉ ነው። ይሄን የማያውቅ ወንድሜ አንድ ቀን የበርበሬውን ዕቃ በክዳኑ አንጠልጥሎ አነሳው። በርበሬው ባለበት ቀረ ብል ደስ ባለኝ።

አንድ ሽንኩርት ለመክተፍ የማታው ዜና ከርዕስ እስከ ስፖርት ያስፈልገኛል። በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ እከትፋለሁ፣ አርፋለሁ፣ ትንሽ እከትፋለሁ። ከዚያ ያለ ዘይት ድስቱ ላይ። መጀመሪያ ይጮሃል። ከዚያ ውሃውን ይጨርስና ዝም ይላል። ልክ ዝም ሲል ጠብ ጠብ አድርጌ ውሃ እሰጠዋለሁ፣ እንደገና ይጮሃል። ጠርዙ ላይ ቡናማ ነገር ይይዝና ሽታው ከጥሬነት ወደ ጣፋጭነት ይዞራል። የሚዞርባትን ደቂቃ አሁን በአፍንጫዬ አውቃታለሁ። በእጅ ፍጥነት የሚሠሩ ሰዎች ይሄን የሚያሸቱት አይመስለኝም።

ወደ ጉዱ ልምጣ።

የእማማ ልጅ እናቷ ቤት መጥታ ወለደች። የግቢው ሴቶች ሥራ ተከፋፈሉ። አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ቡና፣ አንዷ ልብስ አጠባ። ለኔ የደረሰኝ "አንቺ ተቀመጪ" ነው። አራት ዓመት ሙሉ በለቅሶም በሰርግም የሚደርሰኝ እሱ ነው። ደሜ ፈላ።

"የነገ ጠዋቱን ገንፎ እኔ ነኝ የምሠራው" አልኩ።

ጸጥ አሉ። እማማ ቀስ ብለው "አብሽሪ ልጄ፣ ይቅርብሽ" አሉኝ። በኛ አገር ሲያጽናኑም አብሽሪ ነው፣ ሲከለክሉም አብሽሪ ነው። እኔ በማጽናናቱ ተረጎምኩት።

ገንፎ ለሚያውቀው የክንድ ምግብ ነው። ውሃው በጨው ይፈላል፣ ከፈላው ይቀነስና ለኋላ ይቀመጣል፣ የገብሱ ዱቄት ይጨመራል፣ ከዚያ ማማሰል ነው። ካረፉ ጓል ይሆናል። ማማሰያው ደግሞ ቀጭን፣ የሚያሽከረክረውም አንጓ ነው። የኔ አንጓ ሻይ ማንኪያ ሲያዞር እንኳ አቤቱታ ያስገባል።

ማታ ተኝቼ ሳስብ በራልኝ። ወፍራም እጀታ ያለው፣ በትከሻ የሚሠራ እንጨት ምንድነው? ዘነዘና! የእማማን የልጅ ልጅ ጠራሁትና "ዘነዘና አምጣልኝ፣ ለማንም እንዳትናገር" አልኩት። አመጣ። አናቱ ላይ ቀይ የጨርቅ ቁራጭ ታስሮበታል። ለገንፎ ጨርቅ ምን ያደርጋል ብዬ በጥርሴ ፈታሁና ጣልኩት። ዘነዘናውን በሎሚና በፈላ ውሃ አሸሁት። ንጽሕናዬን የዓለም ጤና ድርጅት ቢያየው በመሰከረልኝ ነበር።

ከሌሊቱ አሥር ተኩል ተነሳሁ። እጄን ሞቅ ባለ ውሃ ነክሬ ቁጭ አልኩ። ውጭ የጦሳ ተራራ በጭጋግ ተከናንቦ ተኝቷል፤ ቀናሁበት። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጣቶቼ ተከፈቱ፣ ሥራ ጀመርኩ።

ዘነዘናውን በሁለት ክንዴ አቅፌ ከወገቤ ጀምሬ ወዘወዝኩት። እውነቴን ነው፣ ሠራ! ጓል የሚባል ነገር ብቅ ሲል ዘነዘናው ደፍጥጦ ይጥለዋል። ከሩቅ ያየኝ ቅቤ የምንጥ ወይም ከእንጨት ጋር እስክስታ የምወርድ ይመስለዋል። ገንፎው ተወጠረ፣ አብረቀረቀ። ኮራሁ። ከዚያ የፊዚዮዋ ልጅ ቃል ትዝ አለኝ፦ "በመሃል በመሃል አምስት ደቂቃ እረፊ።"

አረፍኩ። ገንፎ ግን አያርፍም።

ተመልሼ ዘነዘናውን ብስበው ድስቱ አብሮ ተነሳ። ባዞረው ድስቱ ምድጃው ላይ ዞረ። እሳቱን አጠፋሁና በብልሃት ልሞክረው አልኩ። እጀታውን ለቅቄ ዞር ስል ዘነዘናው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የቴሌ እንጨት ይመስላል። ገንፎ እፍ እፍ ቢሉት ሊውጡት ነው ይባላል። የኔው እፍ እንኳ ሳልለው ቀድሞ ዋጠ።

በሩ ተንኳኳ። ልጁ ነው።

"እትዬ፣ እማማ ገንፎው ደረሰ ወይ ብለዋል።"

"ደርሷል።"

"አምጪዋ ታዲያ!"

"መጥተው ይውሰዱት በላቸው።"

እማማ መጡ። ድስቱን አዩ። እኔን አዩ። እንደገና ድስቱን አዩ።

"ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ገንፎ ነው እማማ።"

"እንጨቱስ?"

"እሱም ውስጡ ነው።"

ሌላ ምንም አላሉኝም። ቢስሚላህ ብለው ዘነዘናውን በሁለት እጃቸው ያዙና አነሱት። ድስቱ ተንጠልጥሎ ተከተለ። ግቢውን እንደዚያ አቋርጠው ሄዱ፤ እኔ ከኋላ፣ ልጁ ከፊት እየሮጠ፦ "ገንፎው በዘነዘና መጣ!"

አራስ ቤት ሰባት ሴቶች ተቀምጠዋል። ጉልበት ያላት አንዷ ድስቱን በጨርቅ ይዛ ጉልበቷ መሃል አጣበቀችው። እማማ ሳቡ። አልለቅም አለ። ሌላዋ እማማን ከወገባቸው ይዛ ሳበች። "ቧ!" አለና ወጣ፤ ሁለቱም አልጋው ላይ ተቀመጡ።

ሁላችንም ድስቱ ውስጥ አየን። ገንፎው መሃል ክብ፣ ለስላሳ፣ በመርፌ የተለካ የሚመስል የቅቤ ጉድጓድ ተሠርቷል። አንዷ "ማሻአላህ" አለች። ችግሩ ጉድጓዱ እስከ ድስቱ ወለል ነው። አንድ ጭልፋ ቅቤ ገባ፣ ጠፋ። ሁለተኛ፣ ጠፋ። በአራተኛው እማማ "ይሄ ገንፎ አይደለም፣ የቦርከና ወንዝ ነው" ብለው ጭልፋውን አስቀመጡ።

አራሷ የመጀመሪያውን ማንኪያ አነሳች። አኘከች። ዓይኗ ዕንባ ሞላ። ደስታ መሰለኝ። ከዚያ አፍንጫዋ ቀላ። እማማ ቀምሰው ሳላቸው።

"ምን ጨመርሽበት?"

"ጨውና ዱቄት ብቻ! ሙት!"

ልጁ በር ላይ ሆኖ "የሚጥሚጣው ዘነዘና ነዋ!" አለ። "የቡናው ያኛው ነው። ቀይ ጨርቅ ያለው የሚጥሚጣ ነው።"

ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ነገር በውሃ አይለቅም፤ ቅባት ነው የሚፈታው። የስንት ዓመት ሚጥሚጣ የጠጣ እንጨት አራት ጭልፋ ቅቤ የሚገባበትን ጉድጓድ አበጀልን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ስመኝ አራሷ ሁለተኛ ማንኪያ አነሳች።

"ተዪው ልጄ" አሏት እማማ።

"ኧረ ተዉኝ! ዘጠኝ ወር ሙሉ በቃር ቃሪያ እንኳ አልቀመስኩም" አለችና እያለቀሰች በላች። ሴቶቹም እያለቀሱ አገዟት። ለቀስተኛ የመጣ መስሏት አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ድስቱ ባዶውን ነው የተመለሰልኝ።

ሁለት ቀን አንጓዬ አብጦ ዋለ። አልዋሽም፣ ዋጋ አስከፍሎኛል። ግን ከዚያ ወዲህ "አንቺ ተቀመጪ" የሚለኝ ሰው ጠፋ። አሁን የሚሉኝ "አንቺ፣ ማማሰያውን መጀመሪያ አሳይን" ነው።

እማማ ሁለቱንም ዘነዘናዎች በአመድ ፈትገው አጠቡና ፀሐይ ላይ አስደግፈው አሰጧቸው። ሁለቱም እኩል ቁመት፣ እኩል ጥቁረት። ቀይዋን ጨርቅ ከጥራጊ ጋር ጥያታለሁ።

እሑድ ቡና ተጠራን። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ አቦሉ ተቀዳ። እማማ ፉት አሉ። ቆዩ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን። ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ የቡናው ያኛው ነው" አሉ።