ክብደት ሲቀንስ የቀነሰው ምንድን ነው?

በአንድ የስኳር ሕመም ክትትል ክፍል፣ ተራ ይጠብቁ የነበሩ በ60ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ታካሚ ድንገት ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸውም ተንቀጠቀጠ። ነርሷ ስትለካ የደም ስኳራቸው 52 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ከ70 በታች ሲሆን ሐኪም አይጠበቅም፤ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ፣ በውኃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ 84 ደረሰ። ሆኖም ወዲያው አልተሸኙም። የሚወስዱት ግሊቤንክላሚድ የተባለ የስኳር ኪኒን ቆሽትን ለብዙ ሰዓት ኢንሱሊን ስለሚያስመነጭ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

ሲጠየቁ፣ ካርቦሃይድሬት ካቆሙ አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ኪኒኑን ግን እንደ ድሮው ይውጣሉ። ከ80 ወደ 74 ኪሎ በመውረዳቸው ጠዋት ካርዳቸው ላይ «ጥሩ ለውጥ» ተብሎ ተጽፎላቸዋል።

መታረም የነበረበት ይህ በካርዱ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወርደው ክብደት አብዛኛው ውኃ ነው፤ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላስ? ታካሚው በቀን ሁለቴ ሰላጣ ብቻ ይበሉ ነበር። ከስብ ወደ ስኳር የሚለወጠው ግሊሰሮል የተባለው ጥቂት ክፍሉ ብቻ ስለሆነ፣ ጉበት የጎደለውን ስኳር ፕሮቲን ከሚገነባበት ከአሚኖ አሲድ ይሠራል። አሚኖ አሲዱ ከምግብ ካልመጣ ከጡንቻ ይወሰዳል። እጃቸውን ሳይደገፉ ከወንበር አምስት ጊዜ እንዲነሡ ሲደረግ 19 ሰከንድ ፈጀባቸው፤ ከ15 በላይ የጡንቻ አቅም መድከም ምልክት ነው።

ሐኪሙ ግሊቤንክላሚዱን አቋርጦ ሌላውን የስኳር ኪኒናቸውን ሜትፎርሚንን ብቻ ተወላቸው። የኩላሊት ምርመራቸው ደህና ስለነበር በኪሎ 1.2 ግራም፣ በቀን 90 ግራም ያህል ፕሮቲን ታዘዘላቸው፤ በሦስት ገበታ ሲከፈል 30 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ ስላለው ሁለት እንቁላል ቁርስ አይሞላም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከወንበር መነሣትና የላስቲክ ገመድ መሳብም ተጨመረ፤ ጡንቻ ሥራ ካላገኘ ፕሮቲኑ ብቻውን አያድነውም።

ካርቦሃይድሬት ሲቀንሱ ኢንሱሊን የሚወጉማ የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ኢምፓግሊፍሎዚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ስኳራቸው ብዙ ሳይጨምር ደማቸው ስብ ሲቃጠል በሚፈጠር ኪቶን አሲድ ሊመረዝ ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያማክሩ ካርቦሃይድሬት መቁረጥ የለባቸውም።

አሁን በዚያ ክፍል ከ5 በመቶ በላይ የቀነሰ ታካሚ ሁሉ ከሚዛኑ ወርዶ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ይሄዳል፤ መድኃኒቱም ዳግም ይታያል።