በፍርድ ያለቀ ጉዳይ በቸልተኝነት ስም ሲመለስ

ጎንደር ላይ ቤት የሠራ ሰው ተዳፋት መቆፈር ምን እንደሆነ ያውቃል። ማራኪ አካባቢ መሠረት ባስቆፈርሁበት ክረምት የጎረቤቴ ግንብ ተናደ። ከሰሰኝ። ቁፋሮዋ ነው ያፈረሰብኝ፣ የማሠሪያውን ትክፈል አለ። ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ልኮ አስመረመረ። ግንቡን የጣለው ከራሱ ጣሪያ የሚወርደው ውኃ እንጂ የእኔ ቁፋሮ እንዳልሆነ ተረጋገጠና ክሱ ውድቅ ተደረገ። ይግባኝ የሚባልበት 60 ቀንም ዝም ተብሎ አለፈ።

ቆይቶ ሌላ መጥሪያ መጣ። አሁን ደግሞ «በቸልተኝነት ቆፍራ ከግንቡ ሥር የነበረ ዕቃዬን አጥፍታለች፣ ኪራይም አሳጥታኛለች» ይላል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት በመርሕ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ያ ጊዜ ገና ስላልሞላ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል ብዬ፣ መከራከር አልችልም ነበር። የሰፈር ሰውም «ይሄማ ሌላ ክስ ነው፣ በሽምግልና ጨርሺው» አለኝ። ሽምግልና አከብራለሁ። ግን ያላጠፋሁትን ልክፈል ብዬ አልቀመጥም።

በቀጥታ መዝገብ ቤት ሄድሁ። ፍርዱን ብቻ ሳይሆን የፊተኛውን ክስ፣ የእኔን መልስና የባለሙያውን ሪፖርት በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ አወጣሁ። ብዙ ሰው የፍርዱን የመጨረሻ ገጽ ብቻ ይዞ ይሄዳል። ያ አይበቃም። ያኔ ምን እንደተከራከራችሁ የሚያሳየው ክሱና መልሱ ነው።

ጠበቃዬ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁለቱን ክሶች ጎን ለጎን ዘረጉና «ልጄ፣ የገንዘቡን ዓይነት ተይው። ዳኛው ያኔ የመለሱት ጥያቄ ምንድን ነው? እሱን ፈልጊ» አሉኝ። ጥያቄው ግንቡን ምን ጣለው የሚል ነበር። መልስ አግኝቷል። ቁፋሮው ግንቡን ካልጣለ ደግሞ ቸልተኛ ነበርሽ ማለት የትም አያደርስም።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 5 የሚለው ይህንኑ ነው። በእነዚያው ተከራካሪዎች መካከል ዋና ጭብጥ ሆኖ ተሰምቶ የመጨረሻ ፍርድ ያገኘ ነገር እንደገና አይታይም። ያኔ ሊነሳ የሚችልና የሚገባው ነገር ሳይነሳ ቢቀር እንኳ እንደተነሳ ይቆጠራል። ዕቃውና ኪራዩ የጠፉት በዚያው አደጋ ነው፤ በፊተኛው ክስ አብረው መጠየቅ ነበረባቸው።

ስለዚህ ከመልሴ ጋር በዚሁ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 244 መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረብሁ። ይህን ምስክር እስኪሰማ ማቆየት አያስፈልግም። ፍርድ ቤቱ ሁለታችንንም ሰምቶ ክሱን ዘጋው። እውነት ለመናገር እፎይ አልሁ። ሰው በአንድ ጉዳይ ዕድሜ ልኩን ፍርድ ቤት ሊመላለስ አይገባም።

ይህ መቃወሚያ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ፍሬ ነገሩ ሳይመረመር በሥርዓት ጉድለት የተዘጋ ክስ በፍርድ አላለቀም። በፊተኛው ክርክር ያልነበረና መብቱን ከጎረቤቴ ያላገኘ ሌላ ሰው ቢከስሰኝም ያ ፍርድ አያግደውም። አንድ ዘመዴ ደግሞ በመኪና አደጋ በወንጀል ተከስሶ ነጻ ሲወጣ ካሳውም የቀረ መስሎት ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2149 አሳየሁት። በወንጀል ነጻ መባሉ የካሳውን ክስ የሚያየውን ዳኛ አያስገድድም። ለዚያኛው ክስ መልሱን ለብቻው ማዘጋጀት አለበት።