ኔፕቱንን ከሐዋሳ ሆኖ ለይቶ ማወቅ፦ ወረቀትና እርሳስ ይቅደም

ኔፕቱን ከሐዋሳ ሰማይ ተለይታ ተገኘች! የዩራነስ ነገር ቀላል ነው፤ የድምቀት ደረጃዋ 5.7 ገደማ ስለሆነ 10×50 ባይኖኩላር ይበቃል። ኔፕቱን ግን 7.8 ናት (ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ ይቀንሳል)። እሷም በባይኖኩላር ትታያለች፤ አስቸጋሪው ከደብዛዛ ነጥቦቹ መሀል የትኛዋ እንደሆነች ማወቁ ነው።

ማጉላት ብዙ አይረዳም። ስፋቷ 2.3 የቅስት ሰከንድ (የቅስት ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 1/3600 ነው) ብቻ ስለሆነ 90 እጥፍ ብታጎሏትም ኮከብ ነው የምትመስለው። ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ» ተብሎ የተጻፈበትን ትንሽ ቴሌስኮፕ ባትገዙ ይሻላል። ስፋቱ 114 ሚሊሜትር የሆነ የቴሌስኮፕ መስታወት ከ230 እጥፍ በላይ ሲጎላ ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ አዲስ ነገር አይታይበትም።

መፍትሔው ወረቀትና እርሳስ ነው። ስቴላሪየም (የሰማይ ካርታ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ) ላይ እስከ ድምቀት ደረጃ 9 ያሉትን ከዋክብት ብቻ አስቀሩና ቦታውን አግኙ፤ በነዚህ ዓመታት ሑት በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ናት። ከዚያ ስልኩን ዝጉት። ክብ ሥሩና በቴሌስኮፑ 25 ሚሊሜትር አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ) የሚታየውን ነጥብ ሁሉ አስፍሩ። ካርታ እያዩ ከሣላችሁ ዓይናችሁ የሚፈልገውን ያያል። ከአምስት ቀን በኋላ ያንኑ ቦታ በሌላ ወረቀት ሣሉ፤ ቦታዋን የለቀቀችው ነጥብ ኔፕቱን ናት። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ክላይድ ቶምባውም በ1930 ፕሉቶን ያገኘው በስድስት ቀን ልዩነት የተነሡ ሁለት ፎቶዎችን አነጻጽሮ ነው።

ብዙ ሰው ሥዕሉን ከስቴላሪየም ካርታ ጋር ሲያመሳክር የሚሳሳተው አቅጣጫ ላይ ነው። ባለመስታወት ቴሌስኮፕ (ኒውቶንያን) ምስሉን ይገለብጠዋል፤ ካርታውን ላይ ታች አዙሩት። ባለሌንሱ ከነማጠፊያ መስታወቱ ግን ግራና ቀኙን ያቀያይራል፤ ያኔ ወረቀቱን በጀርባው በኩል ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት።

ወሩም ወሳኝ ነው። ጥቅምት ላይ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ይጠራል፤ ኔፕቱን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ አናት ላይ ትደርሳለች፣ በአምስት ቀንም የጨረቃን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ትሄዳለች። ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን የቆመች ትመስላለችና ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ጋሊሊዮም በ1612 መጨረሻ ያያት እንዲህ በቆመችበት ሰሞን ስለነበር ከኮከብ ቆጥሯት አለፈ።

ሐይቁ ዳር ጨለማው ጥሩ ነው፣ ሌንሱን ግን ጤዛ ቶሎ ያለብሰዋል። በጨርቅ አትጥረጉት፤ ከጥቁር ካርቶን እጅጌ ሠርታችሁ አልብሱት።

ፕሉቶ የድምቀት ደረጃዋ ከ14 በላይ ስለሆነ በትንሽ ቴሌስኮፕ አትሞከርም። ቢያንስ 250 ሚሊሜትር መስታወትና ከከተማ የራቀ ጨለማ ትፈልጋለች።